ቀዩ ወረቀትና የባለቤቴ ወንበር

ባለቤቴ ከሞተ ሰባተኛ ወሩ ነበር። ሁለታችንም በሠራንበት የሰመራው ጋራዥ ወንበሩ ባዶውን ተቀምጧል፤ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ማንም አይቀመጥበትም።

አንድ ቀን ካይዘን የሚሉትን የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሚያስተምር ባለሙያ መጣ። መፍቻ ጨብጦ የማያውቅ ሰው፣ የጅቡቲ መስመር መኪና ሲጠግኑ የሸበቱትን መካኒኮች ስለ ብክነት አስተማራቸው። ከዚያ ይወገድ ባለው ዕቃ ሁሉ ላይ ቀይ ወረቀት ይለጥፍ ጀመር።

«እማማ፣ እዚህ ማን ይቀመጣል?»

«ማንም። የሟች ባለቤቴ ወንበር ነው። ሙት ዓመቱ እስኪደርስ ተውልኝ።»

«የማይሠራበት ዕቃ ብክነት ነው» አለና መቀመጫው ላይ ለጠፈበት። ብክነት እየኮነነ ኮላውን ከወረቀቱ ሥርም ከላይም አፈሰሰው።

ትንሽ ቆይቶ ሙቀቱ ሲያደክመው፣ የለጠፈውን ረስቶ እዚያው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ተቀምጦም ስለ ጥንቃቄ አስተማረን።

ከሰዓት ጫኞች ቀይ ያለበትን ዕቃ ሁሉ ሊወስዱ መጡ። ወንበሩን አገላብጠው አዩት፤ ምንም የለበትም፤ ትተውት አለፉ። ባለሙያው ተሰናብቶን ጀርባውን ሲያዞር አንደኛው ጫኝ ሱሪውን አየና ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ ይሄኛውስ ይጫን?»