በአባት ድምፅ የመጣው ጭራቅ

የቆርቆሮ በር በጣት አንጓ ሲንኳኳ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ወደ ቡራዩ፣ ወደ አባቴ ቤት ይመልሰኛል። ከታላቅ እህቴ ከጽጌ ጋር ከበሩ ጀርባ ተለጥፈን፣ ትንፋሻችንን ውጠን፣ ከውጭ የቆመው ማን እንደሆነ ለማወቅ ጆሯችንን የምንደቅንበት ጊዜ ይመጣብኛል።

ፍርሃቱን ቤታችን ያስገባው መጽሐፍ ነበር። እናታችን እኔን በወለደች በዓመቱ ስላረፈች ያሳደጉን አባባ ነበሩ፤ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ መጋዘን ይሠሩ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከመርካቶ ሲመለሱ ሽፋኑ የተገነጠለ አሮጌ መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውልን መጡ። ሽፋን ስላልነበረው ርዕሱንም ደራሲውንም ሳናውቅ «ጭራቁ» እያልን እንጠራው ነበር። አባቷ እንጨት ሊቆርጥ ጫካ ሲወርድ ብቻዋን ቤት የምትቀር የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው። ጭራቁ ከዛፍ ጀርባ ተደብቆ የአባትየውን ድምፅ ያጠናና፣ ደጃፏ ላይ ቆሞ «ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ» ይላታል።

ክረምት ላይ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው አባባ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡልን ነበር። ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ላሞቻቸውን በረት አስገብተው፣ ራሳቸው እኛ ቤት ይጠለሉ ነበር። «እኔ የልጅ ተረት አልሰማም» ብለው ፊታቸውን ወደ ደጅ አዙረው ይቀመጡና፣ ጭራቁ «ክፈቺልኝ» የሚልበት ገጽ ላይ ስንደርስ «ሂንበኒን! አትክፈቺ!» እያሉ ከሁላችንም በላይ የሚጮኹት እሳቸው ነበሩ። አንድ ጊዜ አባባ እዚያው ላይ አቁመው መጽሐፉን ሲከድኑት ኦቦ ገመቹ ተቆጡ።

«ምን ሆነች? ከፈተችለት?»

«ለሚመጣው እሑድ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ሳምንቱን ሙሉ እንዴት ልተኛ ነው?»

እኔና ጽጌ ጭራቁ በተናገረ ቁጥር የአባባ ጋቢ ውስጥ እየገባን፣ ከልብሳቸው የማይለቀውን የዱቄት ሽታ እየማግን፣ እንደገና እንዲያስፈራሩን እንለምናቸው ነበር። ፍርሃት የሚጣፍጥ ነገር ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት ለአባባ አዲስ ጣጣ መጣባቸው። ከሥራ ሲመለሱ ጥያቄ ካልመለሱ በሩን አንከፍትላቸውም ነበር።

«አባባ ከሆኑ የኦቦ ገመቹ ጥጃ ስሟ ማነው?»

«ቡሬ።»

«ባለፈው እሑድ ማን አለቀሰ?»

«ጽጌ።»

«አላለቀስኩም! ጭራቅ ነዎት፣ ይሂዱልን!»

ጭራቁንም ቢሆን በአንቱታ ነበር የምናባርረው። በጋ ሲገባና በገፈርሳ በኩል የሚመጣው ንፋስ ባሕር ዛፉን ሲያስጮኸው ጥያቄዎቻችን ይበዙ ነበር፤ አባባ አቧራ ለብሰው፣ ደክመው፣ አንዱንም ሳይዘሉ ሲመልሱ ቆይተው ይገቡ ነበር። አንድም ቀን ሲቆጡ አላስታውስም።

አድጌ የሱሉልታውን ቶሎሳን አግብቼ ሰበታ ገባሁ። ልጃችን ሲፈን ሰባት ዓመት ሲሆናት ቶሎሳ በኩላሊት ሕመም ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ሲፈን ከእኔ ጋር ተኚ ብላት እንቢ ብላ ብርድ ልብሷን ይዛ ወደ ራሷ አልጋ ሄደች። እፊቴ አላለቀሰችም። ስጠይቃት «ደህና ነኝ እማዬ» ትለኛለች፤ ልክ ለቅሶ ለደረሰ ሰው እንደሚመለሰው።

በዓመቱ የማስተር ፕላኑ ነገር ተነሣ። ከተማው እየሰፋ የገበሬውን መሬት ይውጣል ተብሎ ተማሪዎች ወጡ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ የተቃጠለ ጎማ ጭስ እስከ ሳሎናችን ገባ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ተኩስ ሲሰማ የጎረቤት ልጆች እየጮኹ እናቶቻቸው ላይ ይጠመጠሙ ነበር። ሲፈን ግን ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ሥዕሏን ትቀጥላለች። እጄን እዘረጋለሁ፣ አትመጣም፤ እጄን እሰበስባለሁ። ቤት ውስጥ ሁለት ሆነን ሳለን እንደዚያ ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ የለም። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ልጄ እንደ ልጅ ፈርታ እቅፌ ውስጥ እንድትገባ።

ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት፣ አባባ ካረፉ በኋላ ያስቀመጥኩትን መጽሐፍ፣ ጭራቁን፣ ከሣጥን አወጣሁት።

ሲፈን ከሶፋው ወዲያኛው ጫፍ ትራስ አቅፋ ተቀመጠች። ማንበብ ጀመርኩ።

«ስልክ የላቸውም እንዴ?» አለችኝ።

«የድሮ ጊዜ ነው።»

«ጎረቤትስ?»

«ጫካ ዳር ነው ቤታቸው።»

«ታዲያ አባቷ ለምን ብቻዋን ይተዋታል?»

ማንበቤን ቀጠልኩ። ያ ገጽ ላይ ስደርስ ድምፄን አወፍሬ «ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ» አልኩና ጠበቅኋት።

«እኛ እዚህ ላይ አትክፈቺ እያልን እንጮህ ነበር» አልኳት።

«ድምፁ ልክ የአባቷ ነው?»

«ልክ የአባቷ።»

ትራሱን ጠበቅ አደረገችው። «እኔ ብሆን እከፍትለታለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን ብዙ አስወራዋለሁ።»

ፊደሎቹ ተደባለቁብኝ። ዓመት ሙሉ ወደ እኔ እስክትመጣ ስጠብቅ የነበርኩት ሴት ተነሥቼ፣ ወደ እሷ ሄጄ፣ ራሴን ትራሷ ላይ ጣልኩት። ደነገጠች፤ ቆይታ እጇን ፀጉሬ ላይ አደረገች።

«እማዬ፣ ተረት እኮ ነው።»

ከዚያ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ፣ ቃሉን እየቆራረጠች፣ ካቆምኩበት ቀጠለች። እጇን ከራሴ ላይ አላነሣችውም።

ልጅ ሳለሁ ትልልቅ ሰዎች የማይፈሩ ይመስለኝ ነበር። አባባም ሚስታቸው ሞታባቸው ሁለት ልጆች ያሳድጉ ነበር፤ እኛ ስንጠጋቸው እሳቸው ወደ ማን ይጠጉ እንደነበር ያሰብኩት ያን ቀን ነው። ጽጌን ብጠይቃት እሷም አታውቅም። እኔ የምጠጋት ሲፈን ነበረችኝ፤ ሲፈን ግን ገና ስምንት ዓመቷ ነበር።