«በእግዜር፣ ተቀመጡ»

ሰው ሲሞት ደግነቱ ይወራል፤ እኔ ግን ያሳፈረኝን ልጻፍ። አጎቴ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ባለ አንድ ሙዚየም ማያ የሚባሉ የጥንት የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች ዕቃ የሚታይበትን ክፍል ይጠብቁ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ከሸክላ የተሠሩ ሽማግሌዎች እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

አንድ ቀን መኪናቸው አልነሳ ብሎ በመኪናዬ ራይድ ሰጠኋቸውና ተከትያቸው ገባሁ። ጋሼ የጥበቃ ቆባቸውን አውልቀው፣ ለሸክላዎቹ እጅ እየነሱ «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» አሉ። ሁልጊዜም እንዲህ እንደሚገቡ ራሳቸው ነገሩኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሰው ይሰማዎታል! ደግሞ ‹በእግዜር› የሚባለው ‹ኖር› ብሎ ለተነሳ ሰው ነው። እነዚህ መቼ ተነሱ?»

«አንቺ እስክትገቢ መልሰው ተቀምጠው ነዋ» አሉኝ። አልሳቁም።

ከአርባቸው በኋላ የቀረ ዕቃቸውን ልወስድ ወደዚያው ክፍል ገባሁ። ሰው አልነበረም። ጥግ ላይ ያለው ወንበራቸው ባዶ ነው። ወደ ወንበሩ ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ መልስ ከአፌ አመለጠኝ። ማን ምን ብሎኝ እንደመለስኩ አላውቅም። እንደ እሳቸው ለብዙ ሰው «ተቀመጡ» ግን አላልኩም።

«በእግዜር ጋሼ፣ ኧረ ይቀመጡ» ነው ያልኩት።