የማን አንድ ሰዓት?

ብዙነሽ ስዋሂሊ የተማረችው ሰው ቤት ተቀጥራ ነው። በደርግ ጊዜ ከባሏ ጋር በሞያሌ በኩል ተሻግራ፣ ናይሮቢ ልብስ እያጠበችና የሰው ልጅ እያዘለች ዓመታት ኖረች። መንግሥት ሲለወጥ ባሏን እዚያው ቀብራ ተመለሰችና ሀዋሳ ፒያሳ ውስጥ ክርና ቁልፍ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ ከፈተች። ስለ ቋንቋው ሲነሳባት «ለምን እንዳስተማረኝ እግዜር ያውቃል» ትል ነበር። ከተመለሰች ወዲህ ግን እስከዚያች ሰኞ ድረስ አንድም ቀን አልጠቀማትም።

በዚያች ሰኞ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የኢትዮጵያና የኬንያ ሰዎች ስለ ዓሣ ሊመክሩ ተሰብስበዋል። ነገሩ የሀዋሳ ሐይቅ ነገር አይደለም፤ ኦሞ ወንዝ የሚገባበት የቱርካና ሐይቅ እንጂ። የሁለቱ አገር አስጋሪዎች በጨለማ አንዱ የሌላውን መረብ ይቆርጣል፣ ይወስዳል። በዚያ ዓመት ኩማ የሚባል የኦሞራቴ አስጋሪ ታናሽ ወንድሙ ማዶ ተይዞበታል። ስምምነቱ ከተፈረመ ልጁ ይፈታል ተብሏል። ካልተፈረመስ? ያን የሚያውቅ አልነበረም።

የታሰበው አስተርጓሚ መኪና ተበላሽቶበት መንገድ ላይ ቀረ። የስብሰባው አስተባባሪ ሰለሞን በባጃጅ ሱቋ ድረስ መጣ።

«እትዬ ብዙነሽ፣ ያውጡን እባክዎ» አላት። ባጃጁ ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር አስጠነቀቃት። «የሰዓት ነገር አደራ። የነሱ ከኛ በስድስት ይለያል። ትናንት በእንግሊዝኛ ‹እራት በአንድ ሰዓት› ብለን ብንጠራቸው በምሳ ሰዓት ከች አሉ። በጉ ገና ይጮህ ነበር።»

ብዙነሽ አማተበች። እስኪደርሱ ድረስ «ስድስት፣ ስድስት» ትል ነበር በልቧ።

የኬንያዎቹን ቃል የሚናገሩት ምዜ ኤኩዋም የሚባሉ የቱርካና ሽማግሌ ነበሩ። ቀስ ብለው በስዋሂሊ ተናገሩ፦ መረብ የሚጣለው ከሳ ሞጃ እስከ ሳ ኩሚ ና ሞጃ ብቻ ይሁን። ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ማለት ነው። ብዙነሽ አንዱ ላይ ስድስት ጨመረች፣ ከአሥራ አንዱ ላይ ስድስት ቀነሰች።

«ከሰባት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ይሁን ይላሉ።»

በኢትዮጵያዎቹ ወገን የተቀመጠው ኩማ ጆሮውን አላመነም። «ከቀትር በኋላ ወጥተን ሰው ሁሉ ሲተኛ እንመለስ? ዓሣ እንድናጠምድ ነው ወይስ አዞ እንዲያጠምደን? ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ይበቃናል በያቸው።»

እሷም ይህንኑ በስድስት ለውጣ ሰባትና አምስት አድርጋ ለሽማግሌው አደረሰች። ምዜ ኤኩዋም ግራ ተጋብተው ወደ ባልደረቦቻቸው ዞሩ። «እኔ ጨለማውን እንዝጋ አልኩ፤ እነዚህ በጨለማ እንውጣ ይላሉ።»

ብዙነሽ ይህን ስትተረጉም ኩማ ጠረጴዛውን ያዘ። «በጨለማ እንውጣ ያለ ማን ነው? እኔ ነኝ?»

ሁለቱም የሚሉት አንድ ነበር፤ ግን በእሷ አፍ ሲያልፍ ይጣላል። ናይሮቢ ሳለች ሳ ሞጃ መቼ ነበር? ልታስታውስ ሞከረች። ሰለሞን የነገራት ስድስት እንደ ጉም ሁሉን ሸፍኖባታል። ሽማግሌው ከዘራቸውን አንስተው ቆሙ። ከኋላቸው ያሉትም ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። ኩማ ግን አልተነሣም፤ ፊቱ አመድ መስሎ በሩን ያያል።

ብዙነሽ ከፊታቸው ቆማ፣ «ምዜ» አለቻቸው በስዋሂሊ፣ «ሳ ሞጃ ሲሉ ፀሐይዋ የት ናት?»

ሽማግሌው እንደ ሞኝ አዩዋት። ከዚያ ክንዳቸውን ወደ ምሥራቅ ዘርግተው መዳፋቸውን ከመስኮቱ ደፍ ትንሽ ከፍ አደረጉ።

«ታዲያ አንድ ሰዓት አይደለም እንዴ!» አለ ኩማ፣ ማንም ሳይተረጉምለት።

ብዙነሽ ቁጭ አለች። በስድስት የሚለየው እንግሊዝኛው ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪስ እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጥረው። ጥፋቷን በሁለቱም ቋንቋ አስረዳች። ሽማግሌው ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ። «ይቺ ሴት ግማሽ ቀን ልትሰርቀን ነበር» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ሰለሞን ወረቀቱ ላይ ሰዓት የሚባል ነገር እንዳይገባ አደረገ፤ «ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ከመጥለቋ በፊት» ተብሎ ተጻፈ። ተፈረመ።

ኩማ ግን ብዕሩን እንዳስቀመጠ ጠየቀ፤ «ወንድሜስ?»

ምዜ ኤኩዋም ስልክ ደውለው፣ ብዙ አዳምጠው፣ ወደ ብዙነሽ ዞሩ። «ነገ፣ ሳ ኔ።»

«ነገ በአራት ሰዓት ይለቁታል» አለች።

«የማን አራት ነው፣ እትዬ?»

ብዙነሽ አሁን ገባኝ ያለችው እንደገና ተደበላለቀባት። በስልክ ያወሩት ምናልባት በእንግሊዝኛ ቢሆንስ? ሽማግሌውን ልትጠይቅ ስትዞር እሳቸው ቀድመዋት ክንዳቸውን አንሥተዋል። መዳፋቸው አሁን ከመስኮቱ ግማሽ በላይ ነው።

ኩማ መዳፋቸውን አየ። «ይሁን» አለ፤ «እንግዲያው ለምሳ ኦሞራቴ ይደርሳል።»