የጎደለው ግማሽ ፊት

እናቱ ጠዋት «ራሴን!» ብላ ተቀመጠች፤ ጀምበር ሳትጠልቅ አረፈች። እሱ ገና ልጅ ነበር። ፀጉር አስተካካይ አጎቱ ወስዶ አሳደገው፤ መቀስና ምላጭ አስያዘው። ሐዘኑን ተሻገረው፤ ፍርሃቱ ግን አብሮት አደገ። ሲጎረምስ ሕመም ግራ ጎን ራሱን ይወቅረው ጀመር፤ «የእናቴ መጣብኝ» አለ በልቡ። ለማንም ትንፍሽ አላለም፤ ማስታገሻ ክኒን እንደ ከረሜላ እየቃመ ኖረ።

ሲያመው ግራ ዓይኑን ስለሚጨፍን ደንበኞቹ «ጥቅሻ» አሉት።

«ለኛ የምታባክነውን ለሴት ብታደርገው ስንት ባገባህ!» እያሉ ይስቃሉ። እሱም ይስቃል። ሳቁ ራሱን ይሰነጥቀዋል።

ሚስት ካገባ በኋላ፣ አንድ ቀን ቁርስ ሳይቀምስ አንድ ጡረተኛ ሾፌር ደንበኛውን አረፋ ቀብቶ፣ ምላጩን ጉሮሮው ላይ አሳረፈ። ወዲያው ከመስተዋቱ ዳር እንደ ተሰበረ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ነገር ታየው። እየሰፋ መጣና የሰውየውን ግማሽ ፊት ዋጠው። ጆሮ የለ፣ ጉንጭ የለ። ላብ አጠመቀው። ዝም ብሎ ቢጨርስ ማን ያውቅበታል? እጁ መንገዱን ለምዶታል። ቢስትስ?

ምላጩን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ አይታየኝም።»

«ምኑ?»

«እርስዎ። ግማሽዎ የለም።»

«አንድ ወገን ላጭተህ ልትተወኝ ነው?» አለ ሾፌሩ። ፊቱን ሲያየው ግን ቀልዱ ጠፋበት፤ አረፋውን በፎጣ ጠርጎ፣ እጁን ይዞ ክሊኒክ አደረሰው።

ሐኪሟ ጠየቀችው፤ የእናቱንም አሟሟት ነገራት፤ መረመረችው። «ማይግሬን የሚሉት የራስ ምታት ነው፤ ብልጭታውም የእሱ ነው» አለች። «የእናትዎ ሕመም ሌላ ይመስለኛል። እንደ መብረቅ ድንገት ከመታዎ፣ እጅዎ ከዛለ፣ ወይም አፍዎ ከተሳሰረ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። ማስታገሻውን በየቀኑ መቃም ራሱ ያሳምማል።» በየቀኑ የሚዋጥ የመከላከያ ክኒን አዘዘችለት።

እሱ ክኒኑን ኪሱ ከትቶ ሕመሙን ጠበቀ። ሕመሙ ሲመጣ ዋጠ፤ ምንም። «እንግዲህ አለቀልኝ፤ መድኃኒትም አልቻለውም» ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ። ሚስቱ ያን ጊዜ ነው ሁሉንም የሰማችው።

«በየቀኑ አልዋጥከውም?»

«ሳያመኝ ለምን እውጣለሁ?»

«አንተ ሰውዬ! መከላከያ ነው አላለችህም? መከላከያ የሚሰለፈው ጠላት ከተማ ከገባ በኋላ ነው?»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ይውጣል፤ ሳይበላ አይወጣም፤ በሰዓቱ ይተኛል። ሕመሙ ሳሳ እንጂ ጨርሶ አልለቀቀውም። አርጅቶም፣ ፀሐይ መስተዋቱን በመታችው ቁጥር ልቡ ድንግጥ ይላል፤ ብልጭታው እስኪለይለት እጁን ከደንበኛው ያርቃል።

አንድ ቀን ፀጉሬን ሲያስተካክለኝ፣ ከሁሉ የጠቀመህ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ክኒኑም ረድቶኛል፤ እንቅልፉም» አለኝ። «ትልቁ ግን ‹አይታየኝም› ማለቴ ነው። እስከዚያ ቀን እናቴን በየሳምንቱ ብቻዬን ስቀብራት ነበር የኖርኩት።»