የወንድሜ የሲሚንቶ ሰርጓጅ

ታላቅ ወንድሜ ግንበኛ ነው። ከዲላ እስከ ወርቃ ባሉት የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች፣ ቡናው የሚዘፈዘፍባቸውን የሲሚንቶ ገንዳዎች ሲሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። እሱ የሠራው ገንዳ አያንጠባጥብም ይባላል፤ ራሱም ይለዋል። እኔ ዲላ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አባታችን ካረፈ በኋላ ያሳደገኝም ያስተማረኝም እሱ ስለሆነ እስከ ዛሬ «ጋሼ» ነው የምለው። የጠየቀኝን መከልከል አይሆንልኝም።

ነገሩ የጀመረው በስልኩ ካየው ቪዲዮ ነው። ሩቅ አገር ያለ አንድ ሰው ከኮንክሪት ባሕር ሰርጓጅ ሠርቶ፣ ውስጡ ገብቶ ሲሰምጥና ተመልሶ ሲወጣ ያሳያል። ወንድሜ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴ ጎራ ብሎ አሳየኝ። ደጋግመን አየነው። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከተተና፣

«ዕድሜዬን ሙሉ ውኃ እንዳይወጣ ስሠራ ኖርኩ» አለ። «አንድ ጊዜ እንኳ ውኃ እንዳይገባ ብሠራስ?»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«ሲሚንቶ ይንሳፈፋል ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

ይንሳፈፋል። ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ የሚገፋው ውኃ ከራሱ ክብደት ከበለጠ ሲሚንቶም እንደ ብረት መርከብ ይንሳፈፋል። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነው። ወረቀት አውጥቼ ሣልኩለት። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከአርባ፣ የግድግዳው ውፍረት አሥር ሳንቲም ቢሆን ክብደቱ ወደ ሁለት ቶን ተኩል ይጠጋል፤ የሚገፋው ውኃ ግን ከሦስት ቶን ያልፋል። እንዲያውም ለማስመጥ ድንጋይ ያስፈልገዋል። ስለ ግፊቱም ጠየቀኝ። ኮንክሪት ሲጎትቱት ይሰነጠቃል እንጂ ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ክብ ሆኖ ከተሠራ ደግሞ ውኃው ከየአቅጣጫው እየጨመቀ ያጠብቀዋል። አራት አምስት ሜትር ጥልቀት ምንም አያደርገውም አልኩት።

«እንግዲያው ይቻላል» አለ።

«በወረቀት ላይ ይቻላል።»

የሰማው የኋለኛውን ቃል ብቻ ነበር።

ሥራውን የጀመረው በግቢው ውስጥ፣ ከእንሰቱ ጥግ ነው። የፌሮ ብረቱን እንደ ቅርጫት አጎበጠው፤ መጋጠሚያ እንዳይኖረው ብሎ ኮንክሪቱን በአንድ ቀን፣ ሳያቋርጥ ሞላው። ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣው። ከጎረቤቱ ግማሹ የውኃ ታንከር ነው አለ፤ አንዲት አሮጊት ግን አጥሩ ጋ ቆመው ካዩት በኋላ ሚስቱን ለብቻዋ ጠርተው፣ «ማን ሞቶባችሁ ነው?» ብለው ጠየቋት። የወንድሜ ሚስት ያን ዕለት ማታ ደወለችልኝ።

«ይቻላል ያልሽው አንቺ ነሽ አሉ» አለችኝ።

«ስሌቱን ነው የሠራሁለት።»

«አንቺ ባትዪው ኖሮ ይተወው ነበር።» ስልኩን ዘጋችው። የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። የፈራ ሰው ድምፅ ነበር፤ የእሷ ፍርሃት ወደ እኔ የተሻገረው በዚያ ስልክ ይመስለኛል።

በማግስቱ ሄድኩ። ጆንያው ተነስቶለት፣ ልስኑ አልቆለት፣ ግራጫ ሆድ ብቻ የሆነ ነገር መሬት ላይ ተጋድሟል። አናቱ ላይ ሰው የሚያሾልክ ክብ ቀዳዳ አለው፤ ክዳኑ ወፍራም ብረት ሲሆን ዳርና ዳሩ ላይ ከመኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ማሸጊያ ተጣብቆበታል። ክዳኑ የሚታሰረው ከውስጥ በኩል በብሎን ነው።

«ግቢና እዪው» አለኝ።

ገባሁ። ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። ወንድሜ ከላይ ሆኖ ክዳኑን ቀስ አድርጎ ገጠመው። ለማሳየት ብቻ ነበር፤ ብሎኑን እንኳ ማንም አላሰረውም። ግን ጨለመ። እንዲያ ያለ ጨለማ አይቼ አላውቅም። የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ትንፋሼ ግድግዳውን እየመታ ሌላ ሰው አጠገቤ ያለ ይመስል ተመልሶ ጆሮዬ ገባ። ክዳኑን በመዳፌ ገፋሁት። አልነቃነቅ አለኝ፤ ከባድ ስለሆነ ነው እንጂ የያዘው ነገር አልነበረም። ይህን እያወቅሁ በሁለት እጄ መደብደብ ጀመርኩ። ሲከፍተው ገና አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም ነበር።

ያን ሌሊት ስለ አየር አሰላሁ። ሰው ተዘግቶበት የሚሞተው ኦክስጅኑ አልቆ ይመስለናል፤ ግን ከዚያ በፊት ራሱ ያስወጣው የተቃጠለ አየር ይቀድመዋል። በዚያች ክፍል ውስጥ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ችግር የለበትም። የፈራ ሰው ግን እጥፍ ይተነፍሳል። በማግስቱ ለወንድሜ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጥኩለት፦ መጀመሪያ ባዶውን ይሰምጣል፤ ከአራት ሜትር አይወርድም፤ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፤ ገመድ ይታሰርበታል። ሁሉንም እሺ አለ። ከልክዬው ቢሆን ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ፤ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ግን መከልከል አይደለም።

በጭነት መኪና ጭነን ወደ አባያ ሐይቅ ወረድን። ቆላው ይሞቃል። የአባያ ውኃ መልኩ ቀይ ጭቃ ነው፤ እጅህን እስከ ክርንህ ብትነክረው ጣቶችህን አታያቸውም። አዞም አለበት። ሁለት ጀልባ ከነሰዎቹ ያከራዩን ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ፣ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ዘሎ የሚገባላችሁ ሰው እንዳትጠብቁ ብለው አስቀድመው ነገሩን።

ባዶውን ስናወርደው ውስጡ ደረቅ ጋዜጣ አንጥፈን፣ ክዳኑን ከላይ በገመድ አስረነው ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በገመድ ሳብነው። ውኃ ውስጥ ስለሆነ ለሁለት ጀልባ ሰዎች አልከበደም። ክዳኑን ስንከፍተው ጋዜጣው እንደነበረ ደረቅ ነው። ወንድሜ ጋዜጣውን ዘርግቶ አሳየኝ።

ረፋድ ላይ ገባ። ጫማውን አውልቆ፣ የእጅ ባትሪና መዶሻ ይዞ። የተስማማንበት ምልክት ቀላል ነበር፦ በየአምስት ደቂቃው አንድ ጊዜ ቢመታ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ቢመታ አውጡኝ ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ከውስጥ ያለውን እጀታ አዙሮ፣ ከጎኑ በሽቦ ቅርጫት የተንጠለጠለውን ድንጋይ ይጥልና ራሱ ይንሳፈፋል። ሚስቱ ከዳር ድንጋይ ላይ ጀርባዋን ለሐይቁ ሰጥታ ተቀምጣ ትጸልይ ነበር። ሲገባ አላየችውም።

ግራጫው ጀርባ ቀዩ ውኃ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ጀልባው ላይ ሆኜ መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ ነከርኩና ጫፉን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ፤ ድምፅ በእንጨት ውስጥ ጥሩ ይሄዳል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጧ አለ። ሽማግሌው አየት አደረጉኝና ፈገግ አሉ። አሥር ደቂቃ፣ ጧ። አሥራ አምስት፣ ጧ። በየመሃሉ ያለው ዝምታ ግን የማልጨርሰው ይመስለኝ ነበር። ሰዓቴን ከማየት ብዛት እጄ ደነዘዘ።

ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ድንጋዩ ሲንከባለል ሰማሁ። «ጣለው፤ እየመጣ ነው» አልኩ። ሁላችንም ውኃውን አየን። ጥቂት አረፋ ወጣ። ሌላ ምንም አልወጣም።

ከዚያ ሁለት ጊዜ መታ። ጧ፣ ጧ።

ጀልባዎቹ ላይ ያሉት ሁሉ ገመዱን ያዙ። ገመዱ ተወጠረ፤ የጀልባችን አፍንጫ ወደ ውኃው አጎነበሰ። እሱ ግን አልተነቃነቀም። እንደገና ሁለት ጊዜ መታ፤ እንደገና። ድንጋዩን ከጣለ ሊንሳፈፍ ይገባዋል። ስሌቱን በጭንቅላቴ ደገምኩት፣ ሦስተኛም ደገምኩት፤ ሊንሳፈፍ ይገባዋል።

«ጭቃ ነው» አሉ ሽማግሌው። ለሴትም ለወንድም «አንተ» እያሉ ነው የሚያወሩት። «ተቀምጦ ሲቆይ ጭቃው ይጠባዋል። ወደ ላይ ከሳብክ ይብሳል። በጎን ሳበው። በሬ ሲሰጥምብን እንደዚያ ነው የምናደርግ።»

ባዶው ሲወርድ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር የቆየው። ጭቃው ገና አልያዘውም ነበር። በወረቀቴ ላይ ውኃ ነበር፣ ሲሚንቶ ነበር፣ አየር ነበር። ጭቃ የሚል ቃል አልነበረም።

በጎን ለመሳብ ከዳር ያለውን መኪና መጠቀም ነበረብን፤ መኪና በኃይል ሲጎትት ደግሞ ኮንክሪቱ ገመዱ የታሰረበት ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሲጎትቱት ይሰነጠቃል ብዬ ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። አንድ ስንጥቅ ከከፈተ አራት ሜትር ውኃ ላዩ ላይ ይደፋበታል፤ ክዳኑ ደግሞ በዚያ ጥልቀት የተጫነው የአንድ ትንሽ መኪና ያህል ክብደት ነው፤ ገፍቶ አይከፍተውም። ሽማግሌው ፊቴን እያዩ ጠበቁ። ሌሎቹም እኔን ጠበቁ። አስተማሪዋ እኔ ነኛ።

«በጎን ይሳብ» አልኩ።

ገመድ በገመድ ቀጥለን መኪናው ጋ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ። በዚያ መሃል ምቱ እየራቀ ሄደ። አንዴ መታ፤ ደህና ነኝ ለማለት ይሁን ሁለተኛውን መምታት አቅቶት እንደሆነ አላወቅሁም። ከዚያ ቆመ። መቅዘፊያውን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት፤ የራሴ ደም ሲመታ ብቻ ነበር የምሰማው።

መኪናው ሳበ። ገመዱ ከውኃ ወጥቶ ተርገበገበ፤ ሾፌሩ አቆመ፣ ትንሽ ለቀቀ፣ እንደገና ሳበ። ሦስተኛው ላይ ከሥር ጥቁር ጭቃ እየተገለበጠ መጣ፤ ግራጫው ጀርባ ከጀልባችን አጠገብ አጋድሞ ብቅ አለ።

ክዳኑ ግን አልተከፈተም። በድንጋይ መታሁት። «ጋሼ፣ ወጥተሃል። ፍታው» አልኩ። ዝም። እንደገና መታሁ። ብዙ ቆይቶ አንዱ ብሎን ሲንቋቋ ሰማሁ፤ በጣም በዝግታ፤ ከዚያ ሁለተኛው። ሽማግሌው ክዳኑን ገልብጠው በብብቱ ይዘው አወጡት። ውስጡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውኃ ነበር፤ በእጀታው ቀዳዳ በኩል የገባ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ጀልባው ወለል ላይ ተጋድሞ አስታወከ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሰማዩን አየ።

ዳር ስንደርስ ሚስቱ ተነስታ መጣች። ነጠላዋን አልብሳው አጠገቡ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ እኔንም አላየችኝም።

ከሳምንታት በኋላ ነው የነገረኝ። የፈራው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ድንጋዩን ጥሎ ሳይነሳ ሲቀር። ራሱን ፈለጠው፤ ውኃው ከእግሩ ሥር ሲወጣ ሰማ።

«ከዚያ ፍርሃቱ ሄደ» አለኝ። «እንቅልፍ መጣብኝ። ደስ የሚል እንቅልፍ። መምታቱን የተውኩት ለዚያ ነው፤ መዶሻው እጄ ላይ ነበር፤ ምን ያደርግልኛል ብዬ አስቀመጥኩት።»

ሌላው ሁሉ ይረሳኛል፤ ይህ ግን አይረሳኝም።

ሰርጓጁን ወደ ዲላ መልሰነው እንሰቱ ጥግ ቆየ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወንድሜ ቤቴ መጣና ሻዩን ሳይነካ፣ «ጭቃው እንዳይጠባው እግር ብናበጅለትስ? ከፍ ብሎ ቢቆም?» አለኝ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ እግር ቢኖረው ይሻል ነበር። ግን ከጭቃው በኋላ ደግሞ ያላሰብኩት ሌላ ነገር እንደሚመጣ አውቃለሁ።

«አላሰላልህም ጋሼ» አልኩት። «ይህን እንቢ ብዬሃለሁ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣም። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሁለት ሠራተኛ ጠርቶ ራሱ ከባዱን መዶሻ ያዘና ማፍረስ ጀመሩ። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ኮንክሪቱ በጣም ጠንካራ ነበር፤ መዶሻው እየነጠረ ይመለስ ነበር። ሚስቱ ቆጮና ጎመን አቅርባላቸው፣ በሩ ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ቁራጭ ድረስ አየች። ስብርባሪውን በሠፈሩ መንገድ ላይ ያለ ጉድጓድ ሞሉበት።

አሁን ኢዲዶ በምትባል የቡና መንደር ውስጥ አዲስ ገንዳ እየሠራ ነው። ያንጠባጥብ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ማታ ማታ እደውልለታለሁ፤ ያነሳና ስለ ዝናቡ፣ ስለ አሸዋው ያወራኛል፤ እኔም ትንፋሹን እሰማለሁ።