የነደባው ቀለም

«ጋሼ፣ ብሩሹን አስቀምጥ።»

«ግማሹን ቀብቼ ግማሹን ልተወው? ጤና የለሽም እንዴ አንቺ ልጅ!»

«የተቀባውን እናጥበዋለን። በነጭ ጋዝ ይለቃል።»

«አፈር ውስጥ የገባ የዘይት ቀለም ይለቃል ያለሽ ማነው? ዕድሜዬን በቀለም የኖርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

«አንተ። ቀለም ታውቃለህ። ቤቱን ነው የማታውቀው።»

ብሩሹን አየር ላይ እንደያዘ ቆመ። ከጫፉ የተንጠለጠለችው ጠብታ አደገች፣ ረዘመች፣ በመጨረሻም ሱሪው ላይ ወደቀች። እንዳላየ ሆኖ ብሩሹን መልሶ ነከረ።

የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅታችን የዚያን ዕለት ማታ ነበር። ጋሼ የምለው የሥነ ጥበብ ማዕከላችንን ዳይሬክተር ነው፤ በሥዕል መምህርነት ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ሐረር የቀረ ሰው። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ትልቁ ነደባ ላይ ተንበርክኮ ቀይ የዘይት ቀለም ይቀባል። ነደባ በጀጎል አሮጌ ቤቶች ውስጥ ከወለሉ ከፍ ከፍ እያለ የተሠራ የአፈር መደብ ነው፤ ሰው የሚቀመጠው፣ እንግዳ የሚስተናገደው እዚያ ላይ ነው። የሚቀባው በቀይ አፈር ብቻ ነው። አፈሩ ብርሃን ይጠጣል እንጂ አያበራም። ጋሼ የቀባው ግማሽ ግን እርጥብ ምላስ ይመስል ነበር።

«ሥጋ ቤት አስመሰልከው» አልኩት።

«ሥጋ ቤት እንኳ እንግዳውን አያቆሽሽም።»

ይህቺን ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅማት ነው የኖረው።

ማዕከላችን ከጊደር መጋላ ወደ ኤረር በር በሚወርድ ቀጭን መንገድ ላይ ያለ የአንዲት እናት ቤት ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እሳቸው ላይኛው ክፍል ይኖራሉ፤ ታችኛውን ለእኛ ሰጡን። እማማ ነው የምላቸው። ሲሰጡን ያሉት ይህን ብቻ ነበር፦ «ሚስማር አይመታም። ጫማ አይገባም። የውጭው በር አይዘጋም፤ ሰላም ብሎ የሚገባ ሰው አለ።»

ሚስማር ካልተመታ ሥዕል የት ይሰቀላል? የመጀመሪያው ዐውደ ርዕይ ሲደርስ ግድግዳ ላይ የነበሩትን የአለላ ስፌቶች አውርደን በየኩላቡ ሥዕል ሰቀልን። በማግስቱ ጠዋት አንድ ስፌት ወደ ቦታው ተመልሶ አገኘነው፤ ሥዕሉ እግሩ ሥር ተደግፎ ቆሟል። በሌላው ጠዋት ሌላ ስፌት። እማማ ምንም አላሉም፣ እኛም አልጠየቅንም። ዐውደ ርዕዩ ሊዘጋ ሲል ግድግዳው ግማሹ ሥዕል ግማሹ ስፌት ሆነ። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ እንግዳ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ብዙ ካየ በኋላ «አቀማመጡ ታስቦበታል» አለ። ጋሼ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። እኔ ሳቄን ለማፈን ወደ ግቢው ወጣሁ።

አፈሩ ግን አላስቅ አለ። ቲያትር ስናሳይ የሞተው ገጸ ባሕርይ ለጭብጨባ ሲነሳ ጀርባው ቀይ ሆኖ ተነሳ። የሸጎዬ ጨፋሪዎች ሲመጡ እግራቸው አፈሩን አንስቶ ፊት የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አስነጠሰው። በሹዋሊድ በዓል ሳምንት ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ከቤታችን የወጣ ሰው ከኋላው ይታወቅ ነበር። ሸዋ በር ደርሼ ባጃጅ ውስጥ ልገባ ስል ነጂው ቀሚሴን አይቶ «ከሥነ ጥበብ ነሽ አይደል? ማኅተሙ ታትሞብሻል!» አለኝ።

እናቴ ቀሚሱን ስታጥብ የተናገረችው የባሰ ነው። እኛ ከግንቡ ውጭ ከሸዋ በር ወዲያ ነው የምንኖረው፤ የእናቴ ቅድመ አያት ከተማዋን ከያዘው ጦር ጋር ነው ሐረር የገባው። «እሱ ጠመንጃ ይዞ መጥቶ ያላገኘውን ነደባ» አለች እናቴ አረፋውን እየጨመቀች፣ «አንቺ በቀሚስሽ ይዘሽው መጣሽ።»

ከዚያ አንድ ቀን አንድ የቢሮ ኃላፊ ነጣ ያለ ሙሉ ልብሳቸው ተበላሸና ሰው ፊት «ሁለተኛ ወደዚህ ቤት ስመጣ ወንበሬን ይዤ ነው» አሉ። ሰው ሳቀ። ጋሼም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ። የመዝጊያው ዕለት ኃላፊው ተመልሰው ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ቶሎ ይደርቃል የተባለው ቀለም የተገዛው ለዚያ ነው።

እኔ ግን የመዝጊያውን ማታ የምጠብቀው በሌላ ምክንያት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ትኬት ቆርጫለሁ፣ ወለል ጠርጌያለሁ፣ የሌላውን ሰው ስም ጠርቼ መድረክ ላይ አውጥቻለሁ። የዚያን ማታ ግን ብቻዬን የማነብበት ነበር። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚነግረኝም አልነበረኝም፣ ከእማማ መቁጠሪያ በስተቀር።

እማማ ለአንድም ዝግጅት ወርደው አያውቁም። ባላቸው ካረፉ በኋላ ሰው በተሰበሰበበት ታች አልተቀመጡም። ከላይ ከእንጨት ርብራቡ ጀርባ ሆነው ይሰማሉ። ሙስበሃ የሚሉት መቁጠሪያቸው ቀጭ ቀጭ ሲል እኛ ጋ ይሰማል። ነገሩ ሲሰለቻቸው ይፈጥናል። በሁለት ሙዚቃ መካከል ጊዜ ለመሙላት አንድ አጭር ግጥም ያነበብኩ ዕለት ድምፁ ጭራሽ ቆመ። በማግስቱ ጠሩኝ።

«ያ ቃል ያንቺ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለዚህ ነዋ የተንጋደደው» አሉ። ቀጥለው «ግን ይራመዳል» አሉ። «የመዝጊያችሁ ዕለት ወርጄ እሰማሻለሁ፣ ኢንሻአላህ። ትልቁ ነደባ ላይ፣ ጥግ ላይ ያለው የኔ ቦታ ነው። ሰው እንዳታስቀምጪበት።»

ያ ጥግ ነው እንግዲህ መጀመሪያ የተቀባው። ደርሼ ሳየው እያብለጨለጨ ነበር።

«እማማን ጠይቀሃል?» አልኩት ጋሼን።

«ላስደንቃቸው ነው።»

«ይደነግጣሉ እንጂ አይደነቁም።»

«ስሚኝ» አለ፤ ብሩሹን ቆርቆሮው አፍ ላይ አጋደመው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሴትዮዋ አርጅተዋል። ረመዳን በደረሰ ቁጥር በጉልበታቸው እየዳኹ ይሄን ሁሉ ይቀባሉ። አንቺ አይተሻል፣ እኔም አይቻለሁ። እስከ መቼ? አሁን በጨርቅ ወልወል ነው፣ አለቀ። ለኃላፊው ብቻ መሰለሽ? ለእሳቸውም ብዬ ነው።»

እውነቱን ነበር። ይህ ነው የሚያናድደው።

አይቻለሁ አዎ። ያለፈው ረመዳን ሊገባ ሲል አፈሩን በወንፊት ስነፋላቸው ነበር የዋልኩት። ልቀባ እጄን ስዘረጋ «መንፋት ትችያለሽ» አሉኝ፣ «መቀባት የቤት ልጅ ሥራ ነው።» ውኃ የነካ አፈር በመዳፋቸው እየለቀለቁ፣ የእጃቸውን ፈለግ በእጃቸው እያጠፉ ጥግ ድረስ ሄዱ። እንግዳ የሚያስጎበኘው ሰውዬ እዚህ ቤት በመጣ ቁጥር ቀዩ አፈር በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው እያለ ድምፁን ቀንሶ ይናገራል፤ እኔም በተናገረ ቁጥር የእናቴን ቅድመ አያት አስቤ እግሬን አያለሁ። ያን ቀን ደፍሬ እማማን ጠየቅኋቸው። «እሱ ይበል፣ ውሸት አይደለም» አሉ። «እኔ ስቀባ ግን የሚታየኝ የእናቴ እጅ ነው።»

ይህንን ለጋሼ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ቀይ ጠብታ ያለበትን ሱሪውን ሳይ ተውኩት።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

«ብትነግሪያቸው የዛሬው ማታ የለም።»

«ስለዚህ ራስህም ታውቃለህ።»

«የማውቀውን አውቃለሁ። አስቢበት ነው የምልሽ። ዓመቱን ሙሉ የለፋሽበት ማታ ነው። ይለፍ። ግጥምሽን አንብቢ፣ ሰው ይስማሽ። ሰው ሲሄድ እኔው ራሴ ወጥቼ እነግራቸዋለሁ፤ ቢፈልጉ በጥፊ ይበሉኝ።»

«እንዴት ይለፍ? ማታ ወርደው ጥጋቸው ላይ ሊቀመጡ አይደል?»

«ሲመሽ መብራቱን ቀነስ እናደርገዋለን።»

እዚህ ላይ እኔም ሳቅኩ፣ እሱም ሊስቅ ነበር። ግን ሁለታችንም ወደ በሩ ጎን አየን። እዚያ ከሁሉም ከፍ ብሎ የባለቤታቸው መቀመጫ አለ፣ የቤቱ አባወራ ቦታ። ዓመቱን ሙሉ የታጠፈ ጨርቅ ጣል አድርገንበት ማንም አልተቀመጠበትም። ጨርቁ ተነስቷል። ሁለተኛው የቀለም ቆርቆሮ ከሥሩ ተቀምጧል።

«እሱንም?» አልኩ።

«አንዱ ተቀብቶ አንዱ ሲቀር ያስጠላል።»

ደረጃው ሥር ቆሜ አንዴ ወደ ኋላ ዞርኩ። ግጥሜን በልቤ ልወጣው ሞከርኩ፤ የመጀመሪያው ስንኝ እንኳ አልመጣልኝም። ወጣሁ።

እማማ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የማታውን ቀሚስ አውጥተው አልጋው ላይ ዘርግተውታል፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለብሰውት አላየሁም። መቁጠሪያው እጃቸው ላይ ነው፣ ድምፅ ግን የለውም።

«ሽታው የምንድነው?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«የቀለም ነው፣ እማማ።»

«ሥዕል ነው?»

«አይደለም። ነደባው ነው።»

«ሱብሐነላህ» አሉ፤ ለእኔ አይደለም። ተነሱ። ደረጃውን ሲወርዱ ልይዛቸው ክንዴን ብሰጥ ግድግዳውን ይዘው ወረዱ።

ጋሼ እንዳየን ቆመ። ብሩሹን ከኋላው ደበቀው፤ ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ ሲቆጣ የኖረ ሰው ራሱ ተማሪ መሰለ። ዓይኑ እኔ ላይ አርፎ «አንቺ!» አለ፣ ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረ።

«እማማ፣ እንዳይደክሙ ብዬ ነው…»

እማማ ወደ ጥጋቸው ሄደው ጎንበስ አሉና መዳፋቸውን ነደባው ላይ አሳረፉ። አልደረቀም ነበር። ሲያነሱት ተጣብቆ ተላቀቀ፤ አምስቱም ጣት እዚያው ታትሞ ቀረ። በሌላ ቀን ቢሆን ዳብሰው ያጠፉት ነበር።

«አፈሩ የታለ?» አሉ።

«ከሥሩ አለ፣ እማማ፣ ምንም አልሆነም።»

«ከሥሩ።» መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «መምህር፣ አፈር ከላይ ነው። ከሥር የሚሆነው ሰው ነው።»

ጋሼ ብሩሹን ከኋላው አውጥቶ ቆርቆሮው ላይ አስቀመጠ።

«ረመዳን ሲመጣ ምን ላይ ልቀባ?»

«መቀባት እኮ አይጠበቅብዎትም ከእንግዲህ፤ ለዚህ ነው…»

«ገባኝ። አሳረፍከኝ።»

ድምፃቸው አልጨመረም። ቢጮኹ ይሻለን ነበር። የባላቸው መቀመጫ ሥር የተቀመጠውን ቆርቆሮ አዩት፤ ጎንበስ ብለው በንጹሕ እጃቸው ወደ ወለሉ መሐል ገፋ አደረጉት፣ ሰው ሕፃን ከእሳት ዳር እንደሚያርቅ። ጨርቁን አንስተው መቀመጫው ላይ መለሱ።

«እማማ» አልኩ፣ «ማታ…»

ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ መጥተሽ ነገርሽኝ። አላህ ይስጥሽ። ቃሌን አላጠፍኩም፣ ልሰማሽ ነበር። ግን የት ልቀመጥልሽ?»

በሩ ጎን ያለውን መቀመጫ በዓይኔ አየሁ። ያለማሰቤን ያወቅሁት ካየሁ በኋላ ነው።

«እሱ የሱ ነው» አሉ።

ሻሻቸውን ከኩላቡ አወረዱ። ቀዩ እጃቸው ምንም እንዳይነካ ከጎናቸው አርቀው ይዘውታል፤ በአንድ እጃቸው ሲከናነቡ ጊዜ ወሰደባቸው፣ እኛም ልንረዳቸው አልደፈርንም። ግቢው ውስጥ ከተደረደሩት ጫማዎቻችን መሐል የራሳቸውን በእግራቸው ለይተው አደረጉ።

«የት ነው የሚሄዱት?» አለ ጋሼ፣ ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ። «እማማ፣ ቤትዎ እኮ ነው! የምንወጣው እኛ ነን!»

«እንግዳ አላስወጣም። ልጄ ጋ ነኝ፣ ኤረር በር።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሲደርቅ።»

የውጭው በር ዓመቱን ሙሉ ወለል እንዳለ ነው የኖረው፤ ሥሩ አፈር ተጠራቅሞበት ከመሬቱ ጋር ተዋህዷል። በንጹሕ እጃቸው ሳቡት፣ እምቢ አለ። ከመንገዱ አንዲት ጎረቤት «አሰላሙ አለይኩም» ስትል ሰማን፤ መለሱላት። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው ሳቡ። የመንገዱ ብርሃን ጠበበ፣ ክር አከለ፣ በሩ ገጠመ።