እስከ እትዬ አስካለ ጉልበት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የአባቱን አሮጌ ጂፕ እየነዳ ወደ ጋራዤ መጣ። ጋራዤ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። ዕድሜዬ ቢገፋም አሁንም መኪና ሥር እገባለሁ፤ ለመውጣት ግን የሚስበኝ ሰው እፈልጋለሁ። ወጣቱ ጂፑን ከፍ ማድረግ አምሮታል። በስልኩ የባሌስትራና የአሞርዛተር ፎቶ ደርድሮ፣ «ጋሼ፣ የቱ ይሻላል? እርስዎ ይምረጡልኝ» አለኝ።

«ማን ነው የሚሳፈርበት?» አልኩት።

«እኔ ነኛ። ሌላ ማን?» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የተማርኩበት ቀን ትዝ ሲለኝ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ጉራ አይሁንብኝና፣ በዚያ ዘመን በአራዳ እንደ እኔ ያለ መካኒክ አልነበረም። ቢሆንብኝም ግድ የለኝም፣ እውነት ነው። ማንም አላስተማረኝም። በጓሯችን ወድቆ የዛገ የጣሊያን ካሚዮን ሞተር ነበር፤ እሱን እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው ያደግሁት። የእንግሊዝኛ መመሪያ ሲያመጡልኝ ጽሑፉን ትቼ ሥዕሉን አነብ ነበር። ገና ጢሜ ሳይጠና፣ ከሥላሴ በኩል ዳገቱን የሚወጣ መኪና ድምፁን ብቻ ሰምቼ ሕመሙን እናገር ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ነዳጅ በኩፖን፣ ስኳር በቀበሌ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ወርቁ አንዲት አሮጌ ጂፕ ነበረቻቸው። ልጃቸው ዮናስ እኩያዬና ጓደኛዬ ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ከከተማ ውጭ ማሠልጠኛ ገብቷል። ክረምቱ መሀል ላይ፣ ሠልጣኞቹ ወደ ሰሜን ሊሄዱ ስለሆነ ወላጅ እሑድ ከቀትር በፊት መጥቶ ይያቸው ተባለ። ጋሽ ወርቁ ያጠራቀሙት ኩፖን ለአንድ ደርሶ መልስ ብቻ ይበቃል። መንገዱ ደግሞ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ጥቁር አፈር ነው። የቀደመው ክረምት በዚያው በኩል ለቀብር ሲሄዱ ጂፗ ሆዷ ጭቃ ላይ ተኝታ በበሬ ተጎትታ ነው የወጣችው።

«ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» አሉኝ። «አስካለ ልጇን ሳታይ እንዳትቀር።»

እትዬ አስካለ ባለቤታቸው ናቸው።

«እርስዎ ብቻ ነዳጁን ይያዙ ጋሽ ወርቁ» አልኳቸው። «ጭቃው ጎማዋን እንጂ ሆዷን አያያትም።»

መርካቶ አሮጌ ብረት ከሚሸጥበት ሄድኩ። ሰይድ የሚባል ወሎዬ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ባሌስትራ አወጣልኝ። ባሌስትራ መኪናውን ከጎማው በላይ ተሸክሞ የሚይዘው ተደራራቢ ብረት ነው። አንደኛው ስስ ነው፤ ጂፗን አራት ጣት ያህል ከፍ ያደርጋታል። ልኩ የሆነ አሞርዛተር፣ ማለትም የባሌስትራውን ዝላይ የሚያበርደው ዕቃ፣ አብሮት አለ። ሁለተኛው ከካሚዮን የተፈታ ነው፤ ወፍራም፣ ጎባጣ፣ ሁለት ሰው የሚያነሳው። ሳየው ልቤ ወደ እሱ ሄደ።

«ምን ልትጭንበት ነው?» አለኝ ሰይድ።

«ስሜን።»

«ስምህ ይሄን ያህል ይከብዳል እንዴ?» ብሎ እየሳቀ አሸከመኝ።

አሞርዛተሩንማ ናቅሁት። እንዲህ ያለ ብረት ምን ማብረጃ ያስፈልገዋል ብዬ የነበረውን አጭሩን ስቤ መልሼ ገጠምኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ጂፗን ከልብስ ስፌቱ ደጅ አቆምኳት። ከኬክ ቤት የወጣው ሁሉ ቆሞ ቀና ብሎ ያያት ጀመር። እኔም ጎኗን ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሞግሼአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ረዝሜ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። እትዬ አስካለ ኪዳን አድርሰው መጡ። ገዘፍ ያሉ ሴት ናቸው፤ ቀኝ ጉልበታቸውን ሪህ ይዞታል። በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ታቅፈዋል፤ ገና ትኩስ ስለነበር ሽታው እርጥቡን መንገድ ሞልቶታል። ጎረቤቱ ሊሸኛቸው ወጥቷል። እኔም በሩን በኩራት ከፈትኩላቸው። የጂፗ ወለል ወገባቸው ጋ ነበር።

እግራቸውን አነሱ፤ ግማሽ ደርሶ ተመለሰ። ነጠላቸውን አጥብቀው ደገሙ፤ ቀሚሱ ያዛቸው። ከማዶ አንዱ፣ «ጋሽ ወርቁ፣ ቀጭኔዋን ሲገዙ መሰላል አልመረቁልዎትም?» ሲል ሳቁ ፈነዳ።

የማደርገው ጠፍቶኝ እርጥቡ መሬት ላይ ተንበረከክሁ። «ይርገጡኝ እትዬ» አልኩ ጀርባዬን አጎንብሼ። ጠመንጃ ያንጠለጠለ የቀበሌ አብዮት ጠባቂ እያለፈ ነበር፤ አየኝና ቆመ።

«ጓድ፣ ተነስ። ሰው በሰው ጀርባ የሚፈናጠጥበት ዘመን አልፏል።»

«መካኒክ ነኝ እኮ» አልኩት ከመሬት።

«ታዲያ እንደ መካኒክ ቁማ።»

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዝቅ አሉ። «እሱ ባይከለክልም አልረግጥህም» አሉኝ። «የሰው ልጅ ረግጬ ልጄን ለማየት አልሄድም።»

ከውቤ በረሃ አንድ ቡና ቤት የቢራ ሳጥን መጣ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መጠጥ ቤት ገብተው የማያውቁ ሴት፣ ከኪዳን መልስ፣ ሰፈር እያየ፣ የቢራ ሳጥን ላይ ቆሙ። ባላቸው ከታች እየገፉ እኔ ከላይ እየሳብኩ ገቡ። ነጠላቸው ወድቆ ነበርና አነሳሁላቸው፤ ፊታቸውን ግን አላየሁም።

ጋሽ ወርቁ ይነዳሉ፤ እኔ ከኋላ ነኝ። ለድንጋይ ጭነት የተሠራ ባሌስትራ ሦስት ሰው ተሳፈረብኝ ብሎ አይለምጥም። የእያንዳንዱ ጉድጓድ ምት ቀጥታ እትዬ አስካለ ወገብ ይደርሳል። ጥቁሩ አፈር ላይ እንደገባን አቅሙን የጨረሰው አጭር አሞርዛተር ተበጠሰና ከሥራችን ይንቋቋ ጀመር። ከዚያ በኋላ ጂፗ ዝም ብላ ትዘላለች። እትዬ አስካለ እሳቸው ሲንገጫገጩ ዳቦው እንዳይፈረፈር ወደ ላይ አንስተው ያዙት። ሲያቅታቸው፣ «ወርቁ፣ አቁምልኝ። በእግሬ ልሂድ» አሉ።

ሳጥኑን ፒያሳ ረስተነዋል። ሁለታችን ብብታቸውን ይዘን አወረድናቸው፤ እንደገና መውጣቱን እምቢ አሉ። ጫማቸውን አወለቁ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ ጭቃውን ተያያዙት። እኛም በእግራቸው ልክ ከኋላቸው ነዳን። ጂፗ አንድ ቦታ እንኳ አልተያዘችም። ጭቃው ሆዷን ሳይነካት፣ ከፍ ብላ፣ ባዶ መቀመጫዋን ይዛ፣ በጭቃ የሚያነክሱትን እናት ተከተለች። ያልኩት ሁሉ ልክ ሆነ።

ስንደርስ ወላጁ እየተመለሰ ነበር። ዮናስ ራሱን ተላጭቶ አጥሩ ሥር ቆሟል። እናቱ ዳቦውን ቆርሰው አጎረሱት፤ ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጥ ፊሽካ ተነፋ።

«እማዬ፣ ምነው ዘገየሽ? እግርሽስ ምን ሆነ?»

እትዬ አስካለ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ተመለሱና፣ «ጭቃ ይዞን ነው» አሉት። «እሱ ባይኖር እዚያው ቀርተን ነበር።»

ዮናስ እጁን ባጥሩ ላይ ዘርግቶ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «አውቄዋለሁ፣ መካኒኬ» አለኝ። ከዚያ ሮጦ ሰልፉ ውስጥ ገባ። ከሰሜን አልተመለሰም።

በማግስቱ መርካቶ ሄጄ ስሱን ባሌስትራ ከነአሞርዛተሩ አመጣሁ። ገጠምኩት፤ በሩ ሥርም የብረት መርገጫ አስበየድኩ። ሥራው እንከን አልነበረውም፣ ይህን ማንም አይክደኝም። እትዬ አስካለ ግን ከዚያ ወዲያ የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

ወጣቱን፣ «እናትህ አሉ?» አልኩት።

«አሉ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አደርሳቸዋለሁ።»

«መጀመሪያ እሳቸውን ይዘህ ና።»

በነጋታው ይዟቸው መጣ። በሩ አጠገብ አቁሜ፣ ሳይጨነቁ የሚችሉትን ያህል እግራቸውን እንዲያነሱ ጠየቅኋቸው። ሴትየዋ እየሳቁ አነሱ። እዚያ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ፤ ባሌስትራውን ለመስመሩ፣ አሞርዛተሩን ለባሌስትራው መረጥኩ።

ወጣቱ ሲወጣ ለጓደኛው በስልክ፣ «ሰውዬው ጥበበኛ ነው፤ ባሌስትራ የሚመርጠው በሰው ጉልበት ነው» ሲል ሰማሁት። እንዲህ ሲባልልኝ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ጠርቼ ከማን ጉልበት እንደተማርኩት ልነግረው አሰብኩ። ግን ያን ቀን አጥሩ ሥር እንዳደረግሁት፣ ዝም ብዬ ምስጋናውን ተቀበልኩ።